ከኪሴ ያልወጣው ማመልከቻ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእቴቴ ወይንሀረግ፣ ጎሬ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ቀፎሽስ ዘንድሮ ማር ሰጠሽ ወይ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ያልኩት ለሰላምታው ነው፤ ነገሩን ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ይህን ማን ጻፈልህ እንዳትይ። በገዛ እጄ ነው። ልጅሽ ሌንሳ ስታነብልሽ ፊደሉን ታሳይሽ። በማታው ትምህርት መምህራችን ከአርባ ሰው መሃል የኔን ደብተር አንስቶ «እንዲህ ነው የሚጻፍ» ብሏል። አርባ ያልኩት አሥራ ሰባት ነን፤ ግን ብሏል።

ታዲያ ጉድ ያደረገኝ ይኸው ጽሕፈት ነው። እዚህ ጌጃ ሰፈር በግቢያችን በር ላይ የነበረው የውሃ ቦኖ ለመንገድ ሥራ ከተነሳ ወዲህ፣ ልብስ አጥበው የሚያድሩት ሴቶች ውሃ ከሩቅ በጀርባቸው ያመጣሉ። አሥራ አንድ ናቸው። ደንበኛ ሸሻቸው፤ ልጆቻቸው በቀን አንዴ መብላት ጀመሩ። የመረጥናቸው የምክር ቤት አባላት ነዋሪ ያነጋግራሉ ሲባል ማመልከቻ ጻፍኩላቸው፦ ቦኖው ይመለስልን፣ ጣሪያ ያለው ማጠቢያም ይሰጠን የሚል። ሁሉም በጣታቸው ፈረሙ። ማን ያንብበው ሲባል «እኔ እያለሁ?» አልኩ። «ፊደል ካልቆጠርክ ቱታህን አላጥብም» ብላ ትምህርት ያስገባችኝ ትልቋ ሴት ቀመሪያ፣ ተሸክማ ባመጣችው ውሃ ነጭ ሸሚዜን አጥባ፣ ተኩሳ አለበሰችኝ። ማመልከቻውንም የደረት ኪሴ ውስጥ የከተተችው ራሷ ናት።

የስብሰባው አዳራሽ እዚሁ ልደታ ነው። ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ተባለ። ተነሳሁና «ክቡራን፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ በሦስት ደቂቃ ቡሎን እንኳ አይፈታም» ብል ሳቁ። እቴቴ፣ ትልቅ ሰው ሲስቅልሽ እንዴት እንደሚጥም አታውቂውም። ጨመርኩበት። አምና በጣቴ ስፈርም እንደነበር፣ ዛሬ ግን የሱቁን ታፔላ ሁሉ ሳነብ ታክሲ እንደሚያመልጠኝ አወራሁ። አጨበጨቡ። ሰብሳቢዋ «ይኸው የሥራችን ፍሬ» ብላ አብራኝ ፎቶ ተነሳች። ደቂቃው አልቋል፣ ቀጣይ ተባለ። ማመልከቻው ከኪሴ አልወጣም።

ሴቶቹ ውጭ ይጠብቁኝ ነበር። ቀመሪያ «አልክልን?» አለች። «ምን ነካሽ፣ አጨብጭበውልኛል እኮ» አልኩ። ማጨብጨቡ እውነት ነበር። «ታዲያ ቦኖው?» ስትል «ይመጣል» አልኩ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ማለት ይኼ ነው።

በማግስቱ ማመልከቻውን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን ገልጣ «የሰፈራችሁ ተወካይ ምስጋና አቅርቧል ይላል። ይኼኛው ቀኑ አልፏል፤ ጥያቄ ካላችሁ የሁሉም ጣት ያረፈበት አዲስ ማመልከቻ አምጣ» አለችኝ። አዲስ ጣት ልለምን ብል የበፊቱ የት ገባ ይሉኛል። ይኸው ሦስት ሳምንት። ግቢያችን በሩ አንድ ነው፤ በሩ ላይ የሚያጥቡት ደግሞ እነሱ። ስወጣ «አፍህን አይንሳን»፣ ስገባ «አፍህን አይንሳን» እያሉ ይመርቁኛል።

ሐሙስ ጭራሽ ባሰ። ሰንጋ ተራ ያለ አንድ ሆቴል ቀመሪያን ለልብስ አጣቢነት ጠራት። እሷ ግን «ቦኖዬ ሊመለስልኝ፣ ጓደኞቼን ጥዬ የት እሄዳለሁ» እያለች ነው። ሆቴሉ መልሷን የሚጠብቀው እስከ ሰኞ ነው።

አዲሱን ማመልከቻ ጽፌ ጨርሻለሁ። መስመሩ እንደ ክር ነው፤ መምህሩ ቢያየው ይቀናል። ለጣት አሥራ አንድ ቦታ ትቻለሁ። ነገ እሑድ ለእድር ሲሰበሰቡ አሮጌውንም አዲሱንም ይዤ ፊታቸው መቆሜ ነው። የምናገረውን ሦስቴ ጻፍኩት፤ ሦስቴም ቀልድ ሆኖ ወጣ። አንቺ ብትኖሪ በኩርኩም ታስጀምሪኝ ነበር።

ለባልሽ ለጋሽ ሚደቅሳ ሰላምታዬን ጮክ ብለሽ አድርሺልኝ፣ ጆሮው እንደደከመ አውቃለሁ። ትንሿን ፋዮ ጉንጯን ሳሚልኝ። ሌንሳዬ፣ አንባቢዬ፣ ይህን ለጎረቤት እንዳታነቢ። ቀመሪያም ሰላም ብላሻለች። «ለእህትህ ስትጽፍ ስለ ቦኖው ንገራት፣ ደስ ይበላት» ብላኛለች።

ይኸው ነገርኩሽ።

ወንድምሽ ሰላሁን
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.