የእትዬ ካፓ ድመት ቀድማ የገባችባቸው ቤቶች

ሰፈሩ እትዬ ካፓ የሚላቸው ካፒቶሊና ሳቪችና ሱሽኮቫ ከአባታቸው ከምድጃ ሠሪው ከሳቫ ድሮዝዶቭና ከእናታቸው ከአጋፊያ ፕሮኮፊየቭና እ.ኤ.አ. በማርች 11 ቀን 1934 ኦልኾቭካ በምትባል መንደር ተወለዱ። መንደሯን ዛሬ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም። ከሞስኮ በባቡር አንድ ሰዓት የምትርቅ፣ ሃያ ስድስት ቤትና አንድ የውሃ ጉድጓድ የነበራት ቦታ ነበረች። ካፒቶሊና ሁለት ዓመት እንደሞላቸው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የሚተክሉ መሐንዲሶች መጡ፤ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ጉድጓዱም ተደፈነ። የመንደሩ ሰው ባራክ በሚሏቸው ረጃጅም የእንጨት ቤቶች ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል እየተባለ ተደለደለ። ለሳቫ ቤተሰብ የደረሰው በባራክ ቁጥር 14 ከኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ነበር። "ለአምስት ዓመት ብቻ ታገሡ፤ ከዚያ የድንጋይ ቤት ይሠራላችኋል" ተባሉ። ካፒቶሊና ከዚያ ክፍል የወጡት ከሰማንያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

በ1938 ሰፈሩ ከተማ ተብሎ ሊቴይስክ የሚል ስም ወጣለት። አባታቸው በ1942 ጦር ሜዳ ቀሩ። እናታቸው በፋብሪካው ብረት እያቀለጡ የመድፍ ጥይት ቀፎ ሲሠሩ ውለው እየገቡ አሳደጓቸው። ካፒቶሊና ሰባተኛ ክፍልን በከተማዋ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ጨርሰው፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የክሬን ሹፍርና ለመማር ተመዘገቡ። አስተማሪው ቁመታቸውን አይቶ "አንቺ ሚጢጢ፣ መሪው ጋ ትደርሻለሽ?" ሲላቸው "ወንበሩን ከፍ ካደረግህልኝ እደርሳለሁ" አሉት። በ1952 ማማ ክሬን ላይ ወጡ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በእግራቸው፣ መሰላሉን ቆጥረው ወጡ፣ ቆጥረው ወረዱ።

በ1957 በፋብሪካው የብረት ቅርጽ አውጪ ከነበሩት ከየፊም ሉኪች ሱሽኮቭ ጋር ተጋቡ። ሙሽራው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ባራክ 14 ገቡ፤ አማቲቱ ከመጋረጃ ወዲያ፣ ሙሽሮቹ ከመጋረጃ ወዲህ። በ1959 አንዲት ልጅ ተወለደች፤ ሪማ ትባላለች፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው እሷ ናት። ለእሷም ሌላ መጋረጃ ተሰቀለ። ማታ ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚያስል በድምፁ ይለያል እንጂ አይታይም ነበር።

ከ1961 ጀምሮ ባለ አምስት ፎቅ ተገጣጣሚ ቤቶች ይሠሩ ጀመር። ዛሬ ሊቴይስክ የምንላት ከተማ ያን ጊዜ ነው የተወለደችው። ግድግዳው ከፋብሪካ ተጠናቅቆ፣ መስኮቱ ሳይቀር ገብቶለት ይመጣል፤ ካፒቶሊና ከላይ ሆነው አንስተው ቦታው ላይ ያስቀምጣሉ። ስልሳ አራት ሕንፃ እንዲህ አድርገው አቁመዋል። መኝታ ቤታችሁን፣ ማድ ቤታችሁን፣ የገላ መታጠቢያችሁን ግድግዳ መጀመሪያ የነኩት እሳቸው ናቸው።

አዲስ ቤት ሲገባ፣ ለመልካም ዕድል፣ ሰው ከመግባቱ በፊት ድመት መግባት አለባት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ችግሩ ከባራክ የሚወጣ ሰው ሁሉ ድመት የለውም። ካፒቶሊና ዱስያ የምትባል ድመት ነበረቻቸው፤ ጨዋ፣ ማንም ቢያቅፋት የማትቧጭር። የመጀመሪያው ቤተሰብ ሊዋሳት መጣ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አሥረኛው። "እትዬ ካፓ፣ ቁልፍ አግኝተናል፣ ዱስያን አውሽን!" እያሉ በሩን ያንኳኳሉ። ዱስያ ሞታ ሁለተኛዋ ዱስያ መጣች፤ አሁን ያለችው ዘጠነኛዋ ናት። ከተማው በሙሉ ድመት ሲዋስ የድመቷ ባለቤት ባራክ ውስጥ ነበሩ።

በቤት ተራ ሳይመዘገቡ ቀርተው አይደለም። በ1963 ተራቸው ደርሶ፣ ቁጥሩም ተነግሯቸው፣ አያቴ መጋረጃውን አውርደው አጥበው ነበር። በዚያው ሳምንት ታማራ የምትባል የሥራ ጓደኛቸው መንታ ወለደች፤ የእሷ ክፍል ግድግዳ ውሃ ያዥጎደጉድ ነበር። ካፒቶሊና የቤት ኮሚቴው ዘንድ ሄደው "የእኔን ለታማራ ስጧት" ብለው ፈረሙ። ባለቤታቸው ሲቆጡ "ምን ሆነሃል አንተ ደግሞ? የሚቀጥለውን የምሠራው እኔው ነኝ። ቤቱ የት ይሄድብኛል?" አሏቸው። የእናቴ ስህተት ይቺ ነበረች። ገጣጥመው የሚያቆሙት እሳቸው ስለነበሩ ቤት የሚያልቅ ነገር አይመስላቸውም ነበር።

የፊም ሉኪች በ1971 ሳንባቸው በፋብሪካ አቧራ ተበልቶ አረፉ። የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ በር ዘግተው፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገታቸው ሙቅ ውሃ ሞልተው መተኛት። አላገኙትም። በሳፋ ነው ያጠብናቸው። አያቴ አጋፊያም በተከታዩ ዓመት ሄዱ።

በ1976 ተራው እንደገና ደረሰ፤ ባለ ዘጠኝ ፎቅ፣ ሊፍት ያለው። ኒኮዲም የሚባል በያጅ እግሩን አጥቶ ነበር፤ የባራኩ ሽንት ቤት ደግሞ ከቤት ውጪ፣ በበረዶ ላይ ሃምሳ እርምጃ ተሄዶ ነው። ካፒቶሊና እንደገና ፈረሙ። ልጃቸው ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ሦስት ቀን አላነጋገረቻቸውም። በአራተኛው ቀን ሾርባ አቅርበውላት "የሚቀጥለው የእኛ ነው፣ ሪሞችካ፤ በዚህ አልቀልድም" አሏት። የሚቀጥለው! ይህን ቃል ዛሬም ስሰማው ይደክመኛል። የሚያገባት የነበረ አንድ ሰው ነበር፤ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ሄደ፣ አልተመለሰም። ልጃቸው በፖሊክሊኒክ የራጅ ባለሙያ ሆና አርባ ዓመት ሠራች፤ የከተማውን ሕዝብ ሳንባ ስታይ ኖራለች።

በ1989 ካፒቶሊና ጡረታ ሲወጡ በተራው ዝርዝር ላይ ሦስተኛ ነበሩ። በዚህኛው ለማንም አልሰጡም። ነገር ግን ሕንፃው ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ አገር ፈረሰ፤ ሥራው ቆመ፤ ዝርዝሩም የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሲሠሩበት የኖሩት ክሬን ባልተጨረሰው ሕንፃ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሞ ዛገ። ፋብሪካው ለሠራተኛው በደመወዝ ፋንታ የብረት መጥበሻ ያድል ነበር፤ ባቡር ጣቢያው ዳር ሁሉም መጥበሻ ይዞ ይቆማል፣ የሚገዛ ሰው ግን አልነበረም። ካፒቶሊና ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ በክሬኑ በኩል ዞረው ነበር የሚሄዱት፤ ቀና ብለው አይተው ያልፋሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፋብሪካው ተዘጋ፣ ማቅለጫው የገበያ አዳራሽ ሆነ፣ የጭስ ማውጫው የማስታወቂያ መስቀያ ሆነ። ሞስኮ የሚሠራና ሊቴይስክ የሚያድር ሕዝብ መጣ፤ ሃያ አምስት ፎቅ ያላቸው ቤቶች በየወሩ ይበቅሉ ጀመር። ሃያ ስድስት ቤት የነበረችው መንደር መቶ ሃያ ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ሆነች። ባራክ 14 ግን ለአምስት ዓመት የተሠራ ስለሆነ ቆሞ ነበር።

በ2013 ባዶ በቀረው አጎራባች ክፍል ቡሩል የምትባል ሴት ከኪርጊዝ አገር መጥታ ተከራየች፤ አይዳና የምትባል ልጅም አለቻት። ቡሩል የከተማውን መንገድ ትጠርጋለች። ካፒቶሊና አይዳናን ማንበብ አስተማሯት፤ ቡሩል ደግሞ የካፒቶሊናን ወለል ታጥባለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ በሩዝ ትሠራለች። ልጃቸው ሥራ ስትውል ካፒቶሊናን የሚያይላቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ይህንም መጻፍ ይገባል።

በ2021 በመጨረሻ ባራኩ ሊፈርስ ሆነ። ለእናትና ለልጅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተሰጠ፤ የድሮው ማቅለጫ ይዞታ ላይ በተሠራው ሕንፃ፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ። ቡሩል በዝርዝሩ አልነበረችም፤ ተከራይ ናት፤ እንድትወጣ የተሰጣት ጊዜ ሦስት ሳምንት ነበር።

እዚህ ላይ "ልጃቸው" እያልኩ መደበቅ አልችልም። እኔ ነኝ። እናቴ ቁልፉን እጃቸው ላይ እያገላበጡ "ሪማ፣ ትንሿን ክፍል ለቡሩል እንስጣት፤ እኔና አንቺ አንድ ክፍል ለምደን የለም?" አሉኝ። እኔም ጮኽሁ። "እማዬ፣ በዚህኛውስ አትቀልጂ! ስልሳ ሁለት ዓመት በመጋረጃ ጀርባ ኖሬያለሁ። በር ያለው ክፍል ፈልጌ ነው ጸጉሬ የነጣው። የሚቀጥለው የለም፤ ይሄው ነው!" አልኳቸው። ቡሩል ኮሪደሩ ላይ ሆና ሰምታለች። የባራክ ግድግዳ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። እናቴም ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ።

በኦክቶበር 9 ቀን ገባን። ዱስያን በሩ ደፍ ላይ አወረድናት። ኮሪደሩን አሽትታ ትልቁን ክፍል አለፈችው፤ ትንሿ ክፍል ገብታ መሃል ወለሉ ላይ ተኛች። ድመት በተኛችበት አልጋ ይዘረጋል። እናቴ ለቡሩል ያሰቧት ክፍል ናትና እኔን አዩኝ። "እሺ፣ አንቺ እዚያ ትተኛለሽ" አልኳቸው፤ ያልገባኝ መስዬ። የገላ መታጠቢያውን ውሃ ከፍተው እጃቸውን ብቻ አስነክተው ዘጉት። "የፊም ቢያየው" አሉ።

እዚያ ቤት የኖሩት አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ከመስኮቱ አልተለዩም። ከክሬኑ ከወረዱ ወዲህ ሊቴይስክን ከላይ አላዩዋትም ነበርና በጣታቸው እየጠቆሙ "ያቺ የእኔ ናት፤ ያም የእኔ ነው" ይሉ ነበር። በራቸውን ዘግተው አያውቁም። የቡሩል እግር ኮሪደር ላይ የሚሰማ እየመሰላቸው ደጋግመው ቀና ይላሉ። ልባቸው ከቀድሞም ደካማ ነበር፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ሐኪም መጣ፣ መርፌ ወጋ፣ ሄደ።

በመጨረሻው ጠዋት "ቡሩል የት ገባች?" ብለው ጠየቁኝ። የት እንዳለች አውቅ ነበር። መጥረጊያና አካፋ በሚቀመጥበት ምድር ቤት ከልጇ ጋር ታድር ነበር። "ቤት አግኝታለች፣ እማዬ" አልኳቸው። ፊታቸው በራ። "ዱስያን ወስደሽላታል?" አሉ። "ወስጃለሁ" አልኩ። "ጎበዝ" አሉኝ። ስልሳ ሁለት ዓመት ስኖር እንዲያ ብለውኝ የማስታውሰው በውሸቴ ነው። ካፒቶሊና ሳቪችና በኦክቶበር 28 ቀን 2021 በተወለዱ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው፣ በትንሿ ክፍል፣ በሩ ክፍት ሆኖ አረፉ።

ሬሳ ሳጥኑ ሊፍት ውስጥ አልገባ ስላለ አሥራ ሰባቱን ፎቅ በትከሻቸው ያወረዱት የታማራ መንታ ልጆች፣ የኒኮዲም ወንድ ልጅና ስማቸውን ያላወቅኋቸው ጎረቤቶች ናቸው። በየፎቁ ተቀባይ እየጠበቀ ይቀያየሩ ነበር። "እኛም ቤት የገባችው የእሳቸው ድመት ናት" ይሉኛል። ቤተሰቡ ከልቡ ያመሰግናል።

ከካፒቶሊና ሳቪችና ኋላ በሕይወት የቀሩት አንዲት ልጃቸው ሪማ የፊሞቭና፤ ዘጠነኛዋ ዱስያ፤ እንዲሁም ከትናንት ጀምሮ በትንሿ ክፍል የሚኖሩት ቡሩልና ልጇ አይዳና ናቸው። ዱስያን ከበር ውጪ አውጥተናት ነበር፤ አይዳና አቅፋ አምጥታ ደፉ ላይ አወረደቻት፤ ቀድማ ገባች፣ ያው ቦታዋ ሄዳ ተኛች። እማዬ፣ ወስጃታለሁ።

አምላክ ነፍሳቸውን ተራ በማይጠበቅበት፣ ማንም "ለሚቀጥለው" በማይባልበት ቤት ያስገባልን። ቁልፍ ያገኘ ሰው ካለ ድመቷ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ናት፤ በሩ አይዘጋም።