አንጀቴ ውስጥ ስለምትገኘው የሆስፒታሉ ንብረት

ለተከበሩ አቶ ኩሮኑማ፣ የሆስፒታሉ የዕቃ ተመላሽ ክፍል ኃላፊ
ካናዛዋ

ከሁሉ አስቀድሜ ጥልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ጤና እንዲበዛልዎ፣ የሚበሉትም ሁሉ ያለ ማመልከቻ እንዲያልፍልዎ እመኛለሁ። የእኔ አያልፍም። ቀጭኑ አንጀቴ፣ ሐኪሞች እንኳ ስሙን ከወረቀት በሚያነቡት ብርቅ በሽታ እየቆሰለ፣ ቁስሉ በዳነ ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ የምኖረው በሩዝ አጥሚት ነው።

ክኒን የምታህለውን የሆስፒታልዎን ካሜራ ከዋጥኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ጠባቡ ቦታ ላይ ደርሳ ቀረች። ሐኪሜ ዶክተር ኡቡካታ ቦታውን በሚነፋ ትንሽ ፊኛ አስፍተው በዚያው ሊያወጧት ዝግጁ ናቸው፤ ከዘገየ ግን አንጀቴ ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል ብለዋል። ኤፕሪል አንድ ደግሞ በከተማው ውሃ ክፍል የመጀመሪያ ሥራዬን እጀምራለሁ። ጫማዬን ገዝቼ በየማለዳው እየወለወልኩት ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቀረኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ካሜራዋ ስትወጣ የምመልስበት፣ ስሜ በሚያምር ጽሕፈት የሰፈረበት ከረጢት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ከረጢቱ አሁንም ንጹሕ ነው።

፪ኛ. ካሜራዋ ሳትመለስ ምርመራው እንደማይዘጋ፣ ምርመራው ሳይዘጋም አዲስ ቀጠሮ እንደማይያዝ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ያለ ቀጠሮ እንደማትወጣ ስነግርዎ፣ «ይገባኛል እኮ፣ ወይዘሪት ኢሶጋይ! ግን ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ ወይ ተመልሷል፣ ወይ ጠፍቷል» አሉኝ። ከወገብዎ ጎንበስ ብለውም ስድስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ የተመረቅኩት በቧንቧ ምህንድስና ነው፤ በእኛ ሙያ የተደፈነ ቧንቧ ሲገኝ ቧንቧውን ቅጽ አናስሞላውም።

፫ኛ. «ጠፍቷል» ለማለት የፖሊስ ማስረጃ አምጪ ስላሉኝ ከሰፈራችን ሽማግሌ ፖሊስ ጋር ለመተዋወቅ በቃሁ።
«የት ነው የጠፋው?» አሉኝ ብዕራቸውን አንስተው።
«ሆዴ ውስጥ።»
«አሁንስ የት ነው ያለው?»
«ሆዴ ውስጥ።»
«ታዲያ ምኑ ጠፋ፣ ልጄ? አግኝተሽዋል እኮ!»
ይህን ብለው የተገኘ ዕቃ መዝገብ ላይ አሰፈሩት። አግኚ፦ ማዶካ ኢሶጋይ። የተገኘበት ቦታ፦ ማዶካ ኢሶጋይ። አደራ ጠባቂ፦ ማዶካ ኢሶጋይ።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ተስፋ ግን አለኝ። እንደሚያውቁት፣ የተገኘ ዕቃ ባለቤቱ መጥቶ እንዲረከብ በጽሑፍ ይጠራል፤ በሦስት ወር ካልቀረበ ዕቃው የአግኚው ይሆናል። እኔ ይህን ሲሳይ አልፈልገውም። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ የፖሊስ ጥሪው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ንብረትዎን ይዤ መስኮትዎ ፊት ስለምቆም፣ መታወቂያዎንና ማኅተምዎን አዘጋጅተው ይጠብቁኝ። በየት በኩል እንደሚረከቡ ዶክተር ኡቡካታ ያውቁበታል፤ የሚጠብቁት የእርስዎን ማኅተም ብቻ ነው።

ከአንጀቴ፣ በተለይም ከጠባቡ ክፍል፣ የማከብርዎ አደራ ጠባቂዎ
ማዶካ ኢሶጋይ

ማስታወሻ፦ ዶክተር ኡቡካታ ካሜራዋ ባትሪዋ ከማለቁ በፊት የላከችውን የመጨረሻ ምስል አሳዩኝ። የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ናት፤ ከኋላዋ ጨለማ ብቻ። «እዚህ ጋ ምንም አያልፍም» አሉኝ። እኔ የእርስዎ መስኮት መስሎኝ፣ «ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።