ማሽላ ውስጥ የደበቅኩት ባሕር

ሰኞ

እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የባሕር ውኃ ማዕበል ካላስነሳው ባለበት የሚቆም ይመስለኝ ነበር። ስንት ዓመት በመጽሔት ዓምዴ የሰው ትዳር ሳቃና የኖርኩ ሴት! እህቴ ሰዓዳ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ጦርነቱ መርሳ ከገባ ወዲህ ስትስቅ ሳያት ገና ዛሬ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ይኸው የባሕር ውኃ ነው። የቀይ ባሕር ውኃ ዳርቻውን ይዞ ወዴት፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በኮምፒውተር ትገምታለች። ከዚያ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች ባሕሩ ላይ ከለኩት ጋር ታስተያየዋለች። ከወልድያ ስትሸሽ ኮምፒውተሩን ጥላው መጣች፤ የቀራት ግምቷንና ልኬቱን የጻፈችበት ደብተር ነው። ግምቷ የሳተበትን በቀይ ታሰምራለች። ምስኪን፣ ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ ነው።

ማክሰኞ

ጎረቤታችን ሐጂ ሙሄ ከውርጌሳ የመጣ ሰው አግኝተው ነበር። እዚያ ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው። ካርታ የተገኘበትን ሰው ይዘውታል አሉ።

የሰዓዳ ደብተር ታዲያ ምንድን ነው? የዳርቻ መስመር፣ ቀስት፣ ቁጥር፣ ደግሞ ቀስት።

«አቃጥዪው» አልኳት።

«ሒሳቡንስ መብራት ሲመጣ እደግመዋለሁ። ልኬቱን ከየት አመጣዋለሁ? ባሕሩ ያን ቀን የሄደው አንዴ ነው።»

ተኮራርፈን ዋልን።

ረቡዕ

ሰዓዳ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ደብተሩን የማሽላው ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። በብልጠቴ ኮራሁ።

ሐሙስ

መጡ። አራት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን መጽሐፍ ዞር ብለው አላዩትም። ጆንያውን ግን ዘረገፉት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቀይ ባሕር ውኃ አካሄድ» አለች ሰዓዳ።

«መርሳ ላይ ምን ባሕር አለ?»

«ጥናት ነው።»

«ጥናት ማሽላ ውስጥ ይቀበራል?»

«እኔ ነኝ የደበቅኩት!» ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ። መጽሐፎቹ መሐል ብተወው ኖሮ!

ወደ ሰፈሩበት ከተማ፣ ወደ ግራና ወሰዷት። ሐጂ ሙሄ ከዘራቸውን አንስተው ተከተሉ።

«ይመለሱ፣ አባት» አላቸው አንዱ።

«ልጄን ይዘህብኝ ወዴት ነው የምመለሰው?»

ሶላት ላይ ቆሜ ስንት እንደሰገድኩ ጠፋብኝ። ሦስቴ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሙሄ ብቻቸውን መጡ። «ሰዓዳስ?» ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ።

«አይዞሽ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ምግብም ቀምሳለች።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ድሮ አስተማሪ ነበር አሉ። ደብተሩን ሲያገላብጥ ቆይቶ ቀዩ ምን እንደሆነ ጠየቃት።

«የተሳሳትኩበት» አለችው።

«ይኼ ሁሉ?»

«ነፋሱ ሲቀየር አልችልበትም።»

ሰውየው ሳቀ። «ሰላይ ስህተቱን በቀይ እያሰመረ ይዞራል እንዴ?» አላቸው ለጓደኞቹ። አለቃቸው ግን አልሳቀም። የደበቀችው ራሷ መጥታ ለምን እንደደበቀች ትናገር ብሏል።

«ትሄጃለሽ ወይ?» አሉኝ ሐጂ ሙሄ።

«እሄዳለሁ» አልኳቸው።

ነገ ጠዋት እንነሳለን። ግራና ላይ የሚሆነውን ከተመለስኩ እኔ እጽፈዋለሁ፤ ካልተመለስኩ ሰዓዳ። የዚህን ማስታወሻ ቀጣይ ገጽ ባዶ ትቼላታለሁ።