ወይ እኔ ወይ ባልዲው

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥቅምት 11 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ልጃችን ቤት

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታው ይብቃን፤ ትልቅ ወሬ አለኝ፣ እጄ ደግሞ እንደ ሐሳቤ አልሮጥ ብሏል።

ሄደ!

አዎ፣ በአንዴ፣ ያለ ባልዲ። ያ «ሰዓት ጠጋኝ ሽንት ቤት ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» ያልሽው ባልሽ ውሃ የሚቆጥብ ሽንት ቤት አስተክሎ ሠርቶለታል። ለመኖሪያ ቤት አይሆንም ብለሽ ነበር። ይሆናል። ያኔም ይሆናል ብያለሁ፣ ዛሬም ያው ነኝ።

ታስታውሻለሽ፣ ውሃ በፈረቃ መምጣት ሲጀምር በአሮጌው ሽንት ቤት ታንክ ውስጥ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ከተትኩ። ውሃ ተቆጠበ። አንቺ ግን አልሄድ ባለ ቁጥር ከበርሜሉ በባልዲ እየቀዳሽ ትደፊበት ነበር። እኔ በለቀቅኩ ቁጥር ከኩሽና «ሄደልህ፣ ኢንጂነር?» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አንድ ቀን መሳቁን ተውሽና «ወይ እኔ ወይ ባልዲው» ብለሽ ሻንጣሽን አነሳሽ። ለልጃችን «ለሳምንት ልጠይቅሽ መጣሁ» እንዳልሻት ሰምቻለሁ። ክረምቱ አለቀ እኮ!

ከሄድሽ ወዲህ ባልዲውን የምሸከመው እኔ ነበርኩ። ሲሞላ ከባድ ነው። ይህን ለመረጃ ያህል ነው የጻፍኩት።

በመጨረሻ ቧንቧ ሠራተኛዋን ጠራሁ። ጠርሙሶቹን አየችና «አባባ፣ ይሄ መቀመጫ የተሠራው ብዙ ውሃ እንዲጠጣ ነው። እርስዎ ካስጠሙት በምን አቅሙ ይግፋ?» አለችኝ። ትንሽ ውሃ የሚበቃው ቅርጹም መውጫውም ሌላ ነው። እኔም ወደዚያው እያሰብኩ ነበር። ሁለት ቁልፍ ያለውን ገዛሁ፤ ትንሹ ለቀላሉ፣ ትልቁ ለከባዱ። ተከለችው። ከመቀመጫው ጥርግ ብሎ ሄደ፤ በማግስቱ ግን ግቢ ውስጥ ቧንቧው ተዘጋ!

ቆፈርን። ቧንቧው ላይ ውሃ ልኳን አስቀመጠችና ሳቋን ለቀቀችው። «አባባ፣ ውሃው እኮ እዚህ ጋ ተኝቷል፤ የቀረው ትራስ ነው። ቁልቁለት የሚባል ነገር የለውም። እስከ ዛሬ የውሃው ብዛት ነው ሲገፋው የኖረው። ማነው እንዲህ አድርጎ የቀበረው?»

«አንድ የድሮ ሰው ነው» አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም። አንቺም ከዚህ ያለፈውን ዝርዝር ለልጃችን አትንገሪያት።

ቁልቁለት ሰጥተን መልሰን ቀበርነው። ባለፈው ማክሰኞ ፈተና ሆነ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ግቢው ጫፍ ሄዳ የተከፈተው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመች። እኔ ለምሳ የቀቀልኩትን ድንች ከወረቀት ጋር ጨመርኩና ትልቁን ቁልፍ ተጫንኩ።

«ሄደ!» ብዬ ጮኽኩ።

አንገቴን በሽንት ቤቱ መስኮት አወጣሁ።

«መጣ!» አለች ከወዲያ። «አንዱ መጣ! ኧረ ሁለተኛውም! ጋሼ፣ ወረቀቱም ተከትሎታል!»

ቧንቧ ሠራተኛዋ አጨበጨበች። እኔ ምሳዬን እስክጨርስ፣ ማለቴ ድንቹ እስኪያልቅ፣ ደጋገምኩት። ሳምንቱን ሙሉ ግን ወሬውን በሆዴ ያዝኩ፤ የጣሪያው ታንከር እስከ ቀጣዩ ፈረቃ መድረሱን ሳላይ ወረቀት አላነሳም ብዬ። ዛሬ ጠዋት ውሃ መጣ። ወጥቼ ባየው ታንከሩ ገና ግማሽ ነው! በርሜሉን አልነካሁትም!

ከደስታዬ ብዛት ገብቼ ትንሹን ቁልፍ ተጫንኩት። ከኩሽና የሚጠይቀኝ የለም። «ሄደ» አልኩ እኔው ለራሴ። እንደዚያ ሲሆን ያን ያህል አይጥምም።

ነይ አላልኩም፤ ያንቺ ውሳኔ ነው። ብቻ ልጃችን ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ለጉልበትሽ አይሆንም። እዚህ ያለው ቁልፍ በአንድ ጣት ይጫናል።

ልጃችንን ሳሚልኝ። ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ መንገድሽንም ያቅናልሽ፣ መንገድ ካሰብሽ ማለቴ ነው።

ባልሽ
ኢንጂነሩ

ሳልረሳው፦ ባልዲውን ዛሬ ጠዋት ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት።