ሳሚ ቴሌቪዥኑ ፊት የወደቀ ዕለት

ሮቤ
ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳሚ አባት፣ ለበየነ

እንዴት ሰነበትክ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ እዚህ ውርጩ አንገላቶናል፤ ጠዋት የቧንቧው ውኃ ጣት ያደነዝዛል። አዝመራው ግን ደኅና ገብቷል፤ ኮምባይነሮቹም ወደ ገሰራ አልፈዋል።

የእኔን ጽሕፈት ስታይ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልብህን ላሳርፈው፦ ሳሚ በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍልህ ሳሎን ተቀምጦ እየሠራ ነው፤ የማውሱ ቀጭ ቀጭ ይሰማኛል። ለገና ስትደውል «ሁሉ ሰላም ነው» ያልኩህ እውነቴን ነበር፤ ያኔ ሰላም ነበር። አሁን በስልክ የማልነግርህ፣ አንደኛ ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ልጁ እንዳይሰማኝ ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ነገሩ ሲከብድህ «ኔትወርክ የለም» ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ነው። ደብዳቤ አይዘጋም።

ሳሚ የኮምፒዩተር ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ውስጥ የሠርግ ካርድና ባነር መሥራት እንደ ጀመረ ነግሬህ ነበር። ክረምት ላይ የላፕቶፑ ስክሪን ተሰነጠቀበት። ማሠራቱ ስላላዋጣው ከሳላሀዲን ሱቅ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣ። ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ርካሽ፣ ግን ግድግዳውን የሚሞላ ነው። በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘውና እሱኑ ማየት ጀመረ። መጀመሪያ ተነጫንጮ ነበር። «እማ፣ ፊደሉ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል፤ እጄ ከሄደ በኋላ ነው ሥዕሉ የሚከተለኝ» ይለኛል፤ እኔ ምን ገብቶኝ። ሪሞቱን ሲነካካ ውሎ ጌም ሞድ የሚሉትን ነገር ሲያገኝ እጁና ሥዕሉ እኩል ሄዱለት። የዚያን ቀን ደስታውን ብታየው!

ቀን ይሠራበታል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ የጁሀራ ልጅ ፈሪድ ከጎረቤት ይመጣና ጆይስቲክ ተካፍለው ኳስ ይጫወታሉ። ጎል ሲገባ የሚጮኹት ጩኸት! አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ውስጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ አልነበረም። እውነቴን ነው የምልህ፣ ያንን ቴሌቪዥን ወድጄው ነበር። ሳሎናችን ግን ጠባብ ናት፤ ሳሚ ሲቀመጥ ጉልበቱ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አይቀረው። እኔም «ዓይንህ ይታመማል» ከማለት በቀር ሌላ የሚያስፈራ ነገር አልታየኝም።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳሚ የሠርግ ካርድ አስቸኩለውት እንቅልፍ ሳያገኝ ከርሟል። ሥራውን አስረክቦ «ትንሽ ልዝናና» አለ። ፈሪድ ደግሞ ተኩስና ፍንዳታ ያለበት አዲስ ጌም በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀች ስላስቸገረቻቸው ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ሰቅለው ክፍሉን ዋሻ አስመሰሉት። እኔ ጓሮ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ጩኸታቸው ይሰማኛል፤ ተኩሱም ይሰማኛል። ከዚያ የሳሚ ድምፅ ጠፋ፤ የፈሪድ ብቻ ቀረ። «ሳሚ፣ ተው እንጂ። ሳሚ፣ ቀልድ አይደለም!» ይላል። ወዲያው፣

«ማዘር! ማዘር ይድረሱ!»

በየነ፣ እንዴት ልንገርህ። ልጅህ መሬት ላይ ነበር። ዓይኑ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል። ጥርሱ ገጥሟል፤ እጅ እግሩ እንደ ብረት ደርቆ ይንዘፈዘፋል፤ ከአፉ አረፋና ደም ይወጣል። ፈሪድ ጭንቅላቱ ከሲሚንቶው ጋር እንዳይጋጭ በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። ሌላ ሰው ቢሆን አረፋውን ፈርቶ ይሸሽ ነበር፤ እሱ አልለቀቀውም። እኔ እጄ በርበሬ ነው። የልጄን ፊት ልነካው እጄን እዘረጋለሁ፣ ዓይኑን እንዳላቃጥለው እመልሳለሁ። ያ ቴሌቪዥን ደግሞ ከላያችን ብልጭ ድርግም ይላል። አንዴ ቀይ፣ አንዴ ነጭ፣ ፊቱ ላይ ይመላለስበታል። ማጥፊያው የት እንዳለ አላውቅም፤ ነጠላዬን ወረወርኩበት። በነጠላው ውስጥም ያበራል።

«ክብሪት! ክብሪት ጭሩለት!» እያልኩ ስጮኽ ጁሀራ በአጥሩ በኩል ደረሰች።

«ማል ታኤ፣ ፈሌ? ምን ሆነ?» አለችና አየችው። ፈልጌ ያገኘሁትን ክብሪት ከእጄ ነጠቀችኝ። «ልጁን ልታቃጥዪው ነው እንዴ!» ብላ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከግድግዳው መንጭቃ አወጣችው። አጠገቡ ተንበርክካ «ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ» ትላለች። ጩኸቴን የሰማ ሰው በር ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ጁሀራ ይህን ስታይ ተነሥታ ወጣች፤ «ኮረንቲ ያዘው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! እዚህ መቆም ምን ይጠቅመዋል፣ ሂዱ!» ብላ በሩን ዘጋችባቸው። እስከ ዛሬ ሰፈሩ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ቴሌቪዥን ነክቶ ኮረንቲ እንደያዘው። ለምን እንደዋሸች ትረዳታለህ። ሚስት የሚያገባበት ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ነው።

መንቀጥቀጡ ሲያቆም ደግሞ የባሰ ፈራሁ። ዝም አለ፤ ሞተ አልኩ። ከዚያ እንደ ማንኮራፋት አድርጎ ተነፈሰ። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፤ ትክ ብሎ አየኝና፣

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ።

የወለድኩት ልጅ እርስዎ አለኝ፣ በየነ። ስሜን እስኪያስታውስ ድረስ የነበረውን ጊዜ ልጽፍልህ አልችልም። አሁንም አንዳንዴ ጠዋት ከመኝታው ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠራኝን እጠብቃለሁ። «እማ» እስኪለኝ ትንፋሼ አይወርድም።

ወዲያው በባጃጅ፣ ከዚያም በሚኒባስ ወደ ጎባ ይዘነው ሄድን። ያየችው ዶክተር ኪያ የምትባል ወጣት ናት፤ ልጄን በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ ነው ያነጋገረችው። ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጨለማው ክፍል፣ ምን ያህል ቀርቦ እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ ጠየቀችው። እኔ «ያ የተረገመ ቴሌቪዥን ነው በሽታውን ያመጣበት» ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«እናቴ፣ ቴሌቪዥኑ በሽታ አልሰጠውም» አለችኝ። «አንዳንድ ሰው ጭንቅላቱ የሚቆራረጥ ብርሃን አይችልም። ሰፊ ስክሪን ጨለማ ውስጥ ቀርቦ ሲያይ፣ እንቅልፍም ሲያጣ፣ ውስጡ የነበረው ይወጣል። ከቤተሰብ እንዲህ ያለ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው አለ?»

«የለም» አልኳት፣ ሳልጠራጠር። «በእኔም በአባቱም ወገን የለም።»

እንክብል አዘዘችለት፤ ለጭንቅላት ምርመራም ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ ወረቀት ጻፈችልን። ደግሞ ቢነሣበት ምን እንደማደርግም አሳየችኝ፦ በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አጥብቆ አለመያዝ፣ ክብሪት አለመጫር፣ ቶሎ ካላቆመ ወደ ሐኪም መሮጥ። ሰምቼ ጨረስኩና ወጣን።

አሁን የምነግርህ ነገር ነው ብዕር ያስያዘኝ። ከጎባ ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላ፣ መንገድ ዳር በተደረደሩት ባሕር ዛፎች መሐል እየተቆራረጠች ሚኒባሱ ውስጥ ትገባ ነበር። ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን፣ ጥላ። ሳሚ ጨነቀው፤ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ፊቱን ወደ እኔ ትከሻ አዞረ።

ይህን አይቼዋለሁ። ከዲንሾ ወደ ሮቤ በአውቶቡስ ስንመጣ አንተም ልክ እንዲህ ነበር የምታደርገው። ጋቢህን እስከ ግንባርህ ተከናንበህ ፊትህን ከመስኮቱ ታዞር ነበር። «ፀሐይ ራሴን ታመኛለች» ትለኝ ነበር፤ እኔም አመንኩህ። አንዱ ትዝታ ሲመጣ ሌላውም ተከትሎ መጣብኝ። ከአጋርፋ ጭነት ይዘህ ስትመለስ መኪናዋ ቦይ ውስጥ የገባችበት ዕለት፣ «ፍሬን እምቢ አለኝ» አልክ፤ መካኒኩ ግን ፍሬኑ ደኅና ነው ብሎ ነበር። ያን ሰሞን ምላስህ ቆስሎ በርበሬ ያለበት ነገር መቅመስ አልቻልክም። ሱሪህን ራስህ ታጥበው ነበር፤ በትዳራችን ዘመን ልብስ አጥበህ የማታውቅ ሰው። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ለባለቤቱ አስረክበህ «ሹፍርና ሰለቸኝ» አልከኝ። ብዙ ሳትቆይ የድሬዳዋውን የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድክ።

ሰው ሁሉ ሌላ ሴት ይዞ ነው አለኝ። እኔም ሌላ ምክንያት ስላጣሁ እሱኑ ያዝኩ። ሴት አልነበረችም፤ አይደል በየነ?

ቴሌቪዥኑን ነገር ልጨርስልህ። ከጎባ እንደ ተመለስን ከግድግዳው አውርጄ ላወጣው ስል ሳሚ በር ላይ ቆመብኝ።

«እማ፣ ይሄ እንጀራዬ ነው።»

«እንጀራህ ሊገድልህ ነበር!»

«ያለሱ ምን ልሠራ ነው? ቁጭ ብዬ እስክወድቅ ልጠብቅ?»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔም ቴሌቪዥኑን ተውኩት። በማግስቱ ሁለታችንም ወደ ዶክተሯ ደወልን። እንክብሉን ሳያቋርጥ፣ በደንብ ተኝቶ፣ መብራት እያበራ፣ ርቆ ተቀምጦ መሥራት እንደሚችል ነገረችን። እንደዚያ አደረግን። ፈሪድ መጥቶ ቴሌቪዥኑን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛወረው፤ የሳሚ ወንበር አሁን በሩ ሥር ነው። ፊደሎቹን አተልቀዋቸው ከጓዳ ሆኜ ማን ማንን እንደሚያገባ አነባለሁ። መጋረጃው ተገልጧል፤ አምፖሉ ቀንም ይበራል። ብልጭ ድርግም የሚለውን ጌም ፈሪድ ራሱ አጠፋው። ኳሱንም ቢሆን ትተውታል። ፈሪድ ይመጣል፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የጁሀራ ልጅ የፈራ ይመስለኛል፤ ጆይስቲኩን አይነካም።

ልጄ ከዚያ ወዲህ አልወደቀም፤ ደኅና ነው። እኔ ግን ደኅና አይደለሁም። ማውሱ ቀጭ ሲል ልቤ ይመታል፤ ለአፍታ ዝም ሲል ልቤም ዝም ይላል። ማንኪያ ከእጄ ጥዬ እሮጣለሁ። ደርሼ ሳየው እያሰበ ነው፤ ወይ ሻይ እየጠጣ ነው። «እማ፣ ደግሞ ምን ሆንሽ?» ይለኛል። «ጨው የት አደረግኩት» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው ሳያልቅ ተመልሻለሁ። ፍርሃት እንደዚህ ሰው ውስጥ ቤት የሚሠራ አይመስለኝም ነበር።

ትናንት ሳሚ ባላሰብኩት ሰዓት፣ «አባዬ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ምንም አልነገርኩትም። ራሱ ደረሰበት። «አላውቅም» አልኩት። ቆይቶ ደግሞ «እኔም አንድ ቀን መሄድ ይኖርብኛል ማለት ነው?» አለ። የዚህ መልስ ያለው አንተ ጋ ነው፣ በየነ። ልክ እንደ እሱ የሆነ፣ ግን ቆሞ የሠራ፣ የወለደ፣ የሳቀ ሰው አይቶ አያውቅም። ሲሄድ ብቻ ነው ያየው።

ዶክተሯም ከቤተሰብ ሕመሙ ያለበትን ሰው ማወቅ ይረዳኛል ብላለች። ግን ለእሷ ብዬ አይደለም የጻፍኩት።

እዚያ ብቻህን በመጋዘን ውስጥ፣ በሲሚንቶና በብረት መሐል ስትወድቅ ማን ነው ጭንቅላትህን የሚይዝልህ? ስትነቃ የማታውቀው ሰው ከላይህ ቆሞ ያይሃል? ወይስ ማንም የለም? ስለ ልጄ እየፈራሁ የምውለው ሳያንሰኝ፣ ስለ አንተ እየፈራሁ ነው የማድረው።

ይህን የሚያመጣልህ የገሰራው ነጋዴ ኡመር ነው። ጭነቱን ድሬዳዋ አራግፎ በሳምንቱ ባዶውን ይመለሳል፤ ጋቢና ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ አለኝ ብሎኛል። ጠዋት እንዲነሣና ፀሐይ በጎን ስትሆን መጋረጃውን እንዲያወርድ ለምኜዋለሁ። መንገድ ላይ ሰው ድንገት ቢወድቅ በጎኑ እንዲያስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከት፣ ክብሪትም እንዳይጭር መሬት ላይ ተኝቼ አሳየሁት። «ማን ሊወድቅ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አንተ መሆንህን አልነገርኩትም።

መድኃኔዓለም ባለህበት ይጠብቅህ፤ ከሰው ፊትም አያሳፍርህ። ጁሀራና ፈሪድ ሰላም ብለውሃል።

የሳሚ እናት
ፈለቀች