ሮክ ጊታሪስቱ ሽማግሌ ላከ

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለሜ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የአሰላ ብርድ ለጉልበት አይመችም። የላክሁልሽን ወፍራም ካልሲ ለጎረቤት እንዳልሰጠሽው ተስፋ አደርጋለሁ፤ መስጠትሽን ግን አውቃለሁ። እኔ፣ ስሙ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከብራዚል ቱር ከተመለስን ወዲህ ወፍሬአለሁ። «ይህን ፀጉር ተቆረጠው፣ ሽማግሌ ሆነሃል» ያልሽው ደርሶኛል። ለጊዜው ይቆይልኝ፣ እፈልገዋለሁ።

አሁን ቁጭ በይ። ሽማግሌ ላክሁ! በአርባ ስድስት ዓመቴ!

ብሩክታዊት ትባላለች። እዚሁ ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ባለ የጆሮ ክሊኒክ ነው የምትሠራው። የተዋወቅነው አምና ማኔጀራችን የባንዱን ሰው ሁሉ «ሄዳችሁ ተመርመሩ» ብሎ የላከን ጊዜ ነው። ትንሽዬ ክፍል ውስጥ አስገብታ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረገችልኝና «ድምፅ ስትሰማ እጅህን አንሳ» አለችኝ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። በመስታወቱ ስታየኝ ቆየችና ማሽኑን አጥፍታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ፊት ለፊቴ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «ምሳ በልተሃል?» አለችኝ። ይህንን በደንብ ሰማሁ።

እሷ ዘንድ ችግር አልነበረም። ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ ገረመው የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የመኪና ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ ብረት ሲቀጠቀጥ አጠገቡ ቆመው ስለሠሩ ጆሯቸው ተጎድቷል። ልጃቸው የሰውን ሁሉ ጆሮ ስታክም እሳቸው ግን «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሰዉ ነው ማንሾካሾክ የጀመረው» ይላሉ። ስለ እኔ የሰሙት መድረክ ላይ ጊታር የሚያስጮህ ፀጉራም እንደሆንኩ ብቻ ነው። «ልጄን ለጩኸት አልድርም» አሉ። ብሩክታዊት ደግሞ «አባዬ ካልመረቀን አላገባም፤ ቁርጥህን እወቅ» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ሃያ ዓመት አብረውኝ የዞሩትን ላክሁ። አንዱ የኮንሰርቶቻችንን ድምፅ የሚያስተካክለው በየነ ነው። ሌላው ከበሮ መቺያችን ዴልሮይ፤ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ፎቅ ላይ ስንኖር «ይሄ የጃማይካ ልጅ አጥንቱ ገጠጠ» እያልሽ ሽሮ የምታበይው። አሁን ድሬዱ ሸብቶ ከማናችንም በላይ ሽማግሌ ይመስላል። ሱፍ ለብሶ፣ አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና ከረመ። እኔ እንደ ደንቡ ውጪ ቫኑ ውስጥ ቀረሁ።

በኋላ በየነ እንደነገረኝ፣ ቤት ገብተው ቆሙ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ዴልሮይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ማለቱ ቀርቶ፣ በትልቅ ክብር «ጅብዎን ለልጃችን ይስጡልን» አለ።

የብሩክታዊት እናት ወይዘሮ ኤልፍነሽ አፋቸውን ቢይዙም ሳቁ አመለጣቸው። ጋሽ ገረመው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብለው «ጅብዎን ይስጡን ነው የሚለው!» ብለው ጮኹ። እሳቸውም ምንም ሳይስቁ፣ «ጅቡማ ውጪ መኪና ውስጥ ያለው ነው፤ ጥሩት፣ ይግባ» አሉ።

ገባሁ። እግራቸው ሥር ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። «አንተ ልጅ፣» አሉኝ፣ «ለመሆኑ ሙዚቃህ ለምንድን ነው የሚጮኸው?»

ይህን ጥያቄ ጋዜጠኛ ስንቴ ጠይቆኛል፤ ስንቴ ቀልጄ አልፌዋለሁ። ለሳቸው እውነቱን ነገርኳቸው። «በአሥራ አንድ ዓመቴ እዚህ አገር ስመጣ ቋንቋ አልነበረኝም፤ ባወራም ዝም ብልም ለሰው አንድ ነበር። እህቴ አሮጌ ጊታር ገዛችልኝ። መጀመሪያ ያስጮህኩት ቀን የፎቁ ሰው ሁሉ መጥቶ በራችንን ደበደበ። እሷ በሩን ከፍታ፣ በአማርኛ፣ ‹ገና ጀማሪ ነው፤ ታገሡት› አለቻቸው። ሰው የሰማኝ ያን ቀን ነው» አልኳቸው። እኔም እየጮህኩ፣ እሳቸውም እየጮሁ ነበር የምናወራው። ጎረቤት ጠብ መስሎት ይሆናል።

«በል አምጣውና አሰማኝ» አሉኝ።

ጊታሩንና ትንሿን አምፕሊፋየር ከቫኑ አመጣሁ። ለቤቱ ክብር ብዬ ዝግ አድርጌ ጀመርኩ። «አልሰማም» አሉ። ጨመርኩ። «አልሰማም አልኩህ!» ጨመርኩ። የወይዘሮ ኤልፍነሽ ብርጭቆዎች ቡፌው ውስጥ መንጫጫት ጀመሩ፤ በየነ መስኮቱን ዘጋ። ይሄኔ ጋሽ ገረመው ወንበራቸውን ስበው መጡና መዳፋቸውን ስፒከሩ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስክጨርስ እጃቸውን አላነሱም።

«ይሄ ጩኸት አይደለም፣» አሉ ስጨርስ፣ «ይሄ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ሰው ነው። መዝሙር እንኳ እንዲህ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!»

ሌሎቹ ወደ ማዕድ ሲሄዱ ሁለታችን ቀረን። ያኔ ፀጉሬን ከጆሮዬ ላይ ወደ ኋላ ገለጥ አድርጌ አንድ ነገር አሳየኋቸው። ምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ የአማችና የአማት ምስጢር ነው። በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ «አያምም?» አሉኝ። «አያምም፣ ደግሞም አይታይም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «ልጄ መርጣለች» አሉና እዚያው መረቁኝ። በማግስቱ ብሩክታዊትን ቀጠሮ ያዢልኝ ብለው ክሊኒኳ ሄዱ። አሁን ወይዘሮ ኤልፍነሽ «ስለሳቸው ከጓደኛ ጋር በስልክ ማውራት ቀረብኝ» እያሉ ያማርራሉ።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ቲኬትሽን ዴልሮይ ይልክልሻል። ሌላም ወሬ ሳትሰሚ አትቀሪም፤ የዚህ በጋ ቱር የመጨረሻዬ ነው። ለምን ካሉሽ ሚስት አገባ በያቸው፤ እውነት ነው። ክሬሰንት ታውን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አስተምራለሁ። እንዳታዝኚ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ገብስሽን በረዶ አይንካብሽ፤ ባሳደግሽው እጅ ቁረሺ። ስልክ አያነሳም ብለሽ አትቀየሚኝ፤ ጻፊልኝ፣ ቃልሽ አንዱም አያመልጠኝም። ኤርፖርት ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ስታዪኝ ግን ከሩቅ አትጥሪኝ፤ ዝም ብለሽ መጥተሽ እቀፊኝ።

ያንቺው ታናሽ ወንድም
ከቶሮንቶ