ጭቃው እስኪደርቅ ስለጠበቅን የተወሰደብን መንገድ

ይድረስ ለክቡር አቶ ዌንደል ፕራትሊ፣
የላይኛው ሸለቆ የሕዝብ መሬትና የጫካ መንገዶች ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? አዲሱ ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑንና መስኮቱም ጫካውን ከዳር እስከ ዳር እንደሚያሳይ ሰምተን እጅግ ደስ ብሎናል። ጫካን ለማየት ከመስኮት የተሻለ ቦታ የለም፤ ጫማ አያቆሽሽም። እኛ የግራንድ-ፎርሽ ሰዎች እርስዎን የመሰለ አስተዋይ ሰው ከላይ ተቀምጦ ስለሚያስብልን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ወሰን የተበጀለት መንገዳችን ብቻ ነው።

ስሜ ኮሪን ፕሎርድ ይባላል። ሥራ ስለሚበዛብዎት ዘንግተውኝ እንደሆነ ብዬ ነው ራሴን የማስተዋውቀው። በከተማችን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሰልኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁና የባለሞተሮች ማኅበራችን ጸሐፊ የሆንኩት ሴትዮ ነኝ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከደቡብ ገና በመጡ ጊዜ፣ ተራ ጸሐፊ ሳሉ፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች «አክስቴ» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴን ዶናትንም «አጎቴ» ይሉት ነበር። ፕሎይ የምንለውን ቂጣ ቅቤ አብዝተው፣ በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የማነሣው ለመቁጠር አይደለም፤ በቆጠራ በኩል እርስዎን የሚስተካከል እንደሌለ በኋላ እደርስበታለሁ።

ያን ጊዜ ባለ አራት ጎማ የጫካ ሞተር መንዳት አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ራስዎንና ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ እርስዎ በአንድ ወገን ሞተሩ በሌላ ወገን ተኝታችሁ ዶናት ነው የደረሰላችሁ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሙሉ በጋ ከኋላው አስከትሎ፣ እስከ ቆቅ ሐይቅ ድረስ ያለውን ሰባት ማይል እያወጣ እያወረደ አስተማረዎት። ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረዎት ደግሞ መንዳትን ሳይሆን አለመንዳትን ነው። በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲረጥብ፣ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ፣ ከእኛ ሰው ጫካ የሚወጣ የለም። ሕግ አይደለም፤ የትም አልተጻፈም። ነገር ግን በጭቃ ወር ሞተሩን ያወጣ ሰው ሱቅ ሲገባ ሰላምታ የሚመልስለት አያገኝም፤ አንድ ጎማ በእርጥብ መሬት ላይ ያወጣውን ቦይ ውኃው በጋውን ሙሉ እየተከተለ መንገዱን ይበላዋልና። ዶናት በመንገዱ መግቢያ አስቁሞዎት የነገረዎት ይህ ነበር፦

«ተረከዝህን መሬቱ ውስጥ ትከል። ጉድጓዱ ውኃ ከያዘ ሞተርህን አዙርና ቤትህ ግባ። ሐይቁ የትም አይሄድም።»

ተረከዝዎን ተከሉ፤ ውኃ ያዘ፤ ተመለሳችሁ። እኔ ቤት ነበርኩ፤ ገብታችሁ በኩራት ሲነግሩኝ ሰምቻለሁ። እንግዲህ በዚህ ትምህርት ላይ ቆመን ቅሬታችንን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራው። ጽሕፈት ቤትዎ በቆቅ ሐይቅ መንገድ የሚያልፈውን ሞተር የሚቆጥር መሣሪያ ከአንድ የጥድ ግንድ ጋር በብሎን አስሮ ለሰባት ሳምንታት አቆይቶታል። ሳምንታቱ የትኞቹ እንደሆኑ ከውሳኔው አባሪ ላይ አንብበናል፤ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ግንቦት አጋማሽ ይላል። የተቆጠረው ሞተር ብዛት ዜሮ ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ እኔም አልወቅሰውም። በጥር ወር በረዶ የሆነ ወንዝ ዳር ቆሞ ዋናተኛ የቆጠረ ሰውም ይህንኑ ቁጥር ነው የሚያገኘው። መሣሪያው በተነሣ በሦስተኛው ቀን፣ ማኅበራችን በዐሥራ ዘጠኝ ሞተር ወጥቶ ክረምቱ የጣላቸውን ሠላሳ ያህል ዛፎች ከመንገዱ ላይ በመጋዝ ቆራርጦ አነሣ። በዚያች ጥድ አጠገብ ሁላችንም አልፈናል። የብሎኑ ቀዳዳ ገና ሙጫ ያለቅስ ነበር፤ የወፍ ቤት የሰቀሉ ልጆች ናቸው ብለን አለፍን። የዋህነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ደብዳቤዎ። ባለፈው የካቲት ወር ለማኅበራችን የጻፉልንን ደብዳቤ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። በታይፕ የተጻፈው ክፍል እንደ ወትሮው የጭቃ ወርን በማክበራችን ያመሰግነናል። ከሥር ግን በገዛ እጅዎ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ «አክስቴ፣ ዘንድሮ በተለይ አንድም ሞተር እንዳይወጣ አደራ» የሚል ጨምረውበታል። አደራ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። እኔም አደራ ሲሉኝ የምተኛ ሰው አይደለሁምና፣ ደብዳቤውን በሱቁ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሰሌዳና በነዳጅ ማደያው ለጠፍኩት። አንድ ሁለት ያቅማሙትን በስልክ ደውዬ ተቆጣሁ። ሮዜር ሚሾ የሚባለውን ማኅበርተኛ፣ ሞተሩን ከጋራዥ ሲያወጣ አግኝቼው፣ ለማጠብ ነው እያለ ሲምል እንኳ አላመንኩትም።

በዚህ ቁጥር ሥር አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ብተወው ደስ ባለኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ እርስዎ ወደ ዋናው ቢሮ ከተዛወሩ በኋላ፣ ሲቆረጥ የነበረ ዛፍ ተሽከርክሮ የዶናትን ወገብ እንደሰበረው ያውቃሉ፤ አበባ ልከው ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አይሸከሙትም። ሮዜር የሞተሩን መርገጫ ወደ እጅ መዘውር ለወጠለትና፣ ያ ሰው እንደገና ሰው ሆነ። አባቱ ከግንድ የሠራት ጎጆ ሐይቁ ዳር ናት። መሬቱ ቀድሞ በደረቀበት ዓመት ሁሉ የሐይቁ በረዶ ተሰንጥቆ የሚሄድበትን ቀን ከበረንዳዋ ሆኖ ያያል፤ በረዶው ከቀደመ ግን ያመልጠዋል። ባለፈው ግንቦት ገና ሲገባ በረዶው ሊሄድ እንደሆነ ወሬ ደረሰን። ዶናት ሞተሩ ላይ ወጥቶ መንገዱ መግቢያ ድረስ ሄደ፤ እኔ በመኪና ተከተልኩት። ራሱ መርገጥ ስለማይችል፣ ተረከዜን እንድተክልለት ለመነኝ። ተከልኩ። ውኃ ያዘ፤ ግን ጥቂት ነበር፣ ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ለመናገር ለማለፍ የሚበቃ ደረቅ ዳር ነበረው። ዝም ብዬ ብመለከተው ያልፍ ነበር። እኔ ግን የእርስዎ ሰማያዊ ቀለም ዓይኔ ላይ ነበርና «ሁለት ሳምንት ነው፤ ታገሥ» አልኩት። ሞተሩን አዞረ።

ያን ቀን ቢያልፍ ኖሮ ቆጣሪዎ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አንድ ነበር። አንድ ደግሞ ዜሮ አይደለም። በገዛ እጄ ነው ባሌን ከጎጆው ያስቀረሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ «ሁሉን አቀፍነት»። ውሳኔው የደረሰን ሐምሌ ውስጥ ከሐይቁ ውለን ስንመለስ ነው፤ ዓሣችንን ሳናወርድ ከፖስታ ሳጥኑ አውጥቼ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። መንገዱ «ለሞተር አገልግሎት የማይውል መሆኑ በቆጠራ ስለተረጋገጠ» ለሞተር ተዘግቶ፣ ለእግረኛ፣ ለበረዶ ሸርታቴና ለፈረስ ግን «ለሁሉም የኅብረተሰብ ክፍል» ክፍት መሆኑን ያበስራል። ከዶናት በቀር ለሁሉም ማለት ነው። ይህንኑ ለማስረዳት ቢሮዎ ስደውል፣ አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ ስታዳምጠኝ ቆይታ፣ ባለቤቴ ፈረስ አስቦ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለዶናት ስነግረው ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ወገቡ ለተሰበረ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ፈረስ ያዘዘች ልጅ የሐኪም ቤት ሥራ አምልጧታል አለ። ስለዚች ሳቅ በልዩ ሁኔታ እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ በመንገዱ ላይ የሠራናቸው ሦስት ድልድዮች «ለእግረኞች ምቹ» መሆናቸውን ገልጸው በውሳኔው አመስግነውናል። ተቀብለናል።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩትን ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ በትሕትና ሊጻፍ አልቻለም። ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ማኅበራችን እንደ ልማዱ አደንጓሬውን በጉድጓድ ቀብሮ አብስሎ ከተማውን እራት ሲጋብዝ፣ እርስዎም ተገኝተው ነበር። ኃላፊ ከሆኑ ሁለት ወርዎ ነበር። ሳህንዎን ይዘው ከዶናት ጎን ተቀመጡ፤ ዶናትም መንገዶች ሊዘጉ ነው የሚባለውን ወሬ አንሥቶ ጠየቀዎት። ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ ጠረጴዛው ሙሉ እየሰማ የመለሱለት ይህ ነው፦

«አጎቴ፣ እኔ በዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ እርስዎን ከዚያ መንገድ የሚለይዎት የለም።»

ወንበሩ ላይ መኖርዎን ደውለን አረጋግጠናል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ ስንወሰድ ሳቅ ብቻ ሳይሆን አደንጓሬም ነበረበት። ጠላት ቢዘጋብን ኖሮ እንደ ጠላት እንታገለው ነበር፤ እንዲህም አያመንም ነበር። ከከተማ የመጣ፣ ተረከዝ መትከል የማያውቅ ሰው ያንን መሣሪያ በጭቃ ወር ቢሰቅለው፣ አለማወቅ ነው ብለን ሄደን እናስረዳው ነበር። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ያስተማረዎት ባሌ ነው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ለሌላ ሰው ተረት ይሆናል፤ እኔ ጉርሻው ስንት እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ነበር። ተከድተናል፣ ክቡር ሆይ። ከዚህ የተሻለ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ዶናት በዚህ አይስማማም። ውሳኔውን ባነበብኩለት በአራተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ «ልጁ ረስቶት ይሆናል፤ ሥራ በዝቶበት ነው» አለኝ። ተናደድኩ፤ ሰው እንዴት ያንን ይረሳል ብዬ ሳህኑን አነሣሁበት። እርሱ ግን ሳይፈረድ መጠየቅ ይገባል ብሎ በአቋሙ ጸና። የዚህ ሁሉ ወረቀት ዓላማም ይኸው ጥያቄ ነው፤ ረስተውት ነው ወይስ እያወቁ? ረስተውት ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መሣሪያውን በሰኔ ወር መልሰው ይስቀሉት፤ በየቀኑ የሚያልፈውን ሞተር ራሱ ይነግርዎታል። እያወቁ ከሆነ ግን መልስ እንዲጽፉልን አንፈልግም። ዶናት ረስቶት ነው እያለ ቢኖር ይሻለዋል።

በዚህ ሁሉ ንግግራችን ያስቀየምንዎት ነገር ቢኖር፣ ከሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲታይ ትንሽ ሆኖ እንደሚታይ በመተማመን፣ ለጤናዎ፣ ለሥልጣንዎና ለመስኮትዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘን፣ የሚመጣውንም የጭቃ ወር እንደ ወትሮው እንደምናከብር በትሕትና እናስታውቃለን፤ ልማድ ሆኖብን እንጂ የሚቆጥርልን ኖሮ አይደለም።

አክባሪዎ፣
የቀድሞ አክስትዎ
ኮሪን ፕሎርድ፤
የግራንድ-ፎርሽ ባለሞተሮች ማኅበር ጸሐፊ፣ የማይወጡበት መንገድ ጠባቂ

ማሳሰቢያ፦ ይህን እንድጨምር ያዘዘኝ ዶናት ነው፤ ምጸት እንዳልቀላቅልበትም አስምሎኛል። በሐምሌ ከጎጆው ስንወጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንመለሳለን ብለን ታንኳዋን ሳንገለብጣት ውኃው ዳር ትተናታል። ክረምቱ ደርሶ በረዶ ከገባባት ትሰነጠቃለች፤ የአባቱ ሥራ ናት። ለሁለት ሰው ሸክም ስለሆነች አንድ ጓደኛ ይያዙ፤ የጎጆው ቁልፍ በበረንዳው ምሰሶ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው፤ ምድጃው አጠገብ የተፈለጠ እንጨት አለ፤ ከበረዳችሁ አንድዱት። በእግር ሲሄዱ ሰባት ማይል፣ ሲመለሱ ሰባት ማይል ነው። ማኅበርተኞቻችን አብዛኞቹ ሰባን ያለፉ ናቸውና፣ ዶናት ቦታውን ከሚያውቁት ሰዎች መካከል በእግሩ ደርሶ ታንኳዋን የሚያድንልኝ ማን አለ ብሎ ሲያስብ ውሎ፣ የጠራልኝ የእርስዎን ስም ነው።